ነፃ ማድረሻ ምርቃት አይደለም

ልጅ ሳለሁ እናቴ ጤፍ ልትገዛ እህል በረንዳ ስትሄድ እከተላት ነበር። እዚያ ሁለት ጊዜ ትከራከራለች፤ አንዴ ከነጋዴው፣ አንዴ ከተሸካሚው ጋር። የጤፉ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነጋዴው አንድ ሁለት እፍኝ ምርቃት ይጨምርላታል። ተሸካሚው ደግሞ ግማሹን ኩንታል ከማንሳቱ በፊት «እትዬ፣ ሩቅ ነው? ዳገት አለው?» ብሎ ይጠይቅና እንደ መንገዱ ዋጋውን ይናገራል። ቤት ደርሶ ሲያወርድ መጀመሪያ ውኃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሒሳቡ። የእህሉ ስንት፣ የሸክሙ ስንት እንደሆነ እኔ ሕፃኑ እንኳ አውቅ ነበር።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህ ከተማ ሦስት ዓመት ያህል ከመደበኛ ሥራዬ በኋላ በራሴ መኪና የሰው ዕቃ ከቤት ቤት አድርሻለሁ። ዕቃ አዛዥም አድራሽም ስለነበርኩ፣ «ፍሪ ሺፒንግ» ስለምንለው ነገር ከሁለቱም ወገን የማውቀውን መናገር እችላለሁ።

ከአዛዡ ልጀምር። ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷ አክንባሎ ተሰብሮባት አዲስ እንዳዝላት ጠየቀችኝ። በ24 ዶላር አገኘሁ። ሒሳቡን ልዘጋ ስል የማድረሻ 6 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተጨመረ፤ ከሥሩ ደግሞ «11 ዶላር ብቻ ይጨምሩና በነፃ እናድርስልዎ» የሚል ጽሑፍ መጣ። የ12 ዶላር የወጥ ቤት ፎጣ ጨመርኩ። 31 ዶላር የማይሞላው ሒሳቤ 36 ዶላር ሆነ። ሰባት ዶላር ላድን ብዬ አሥራ ሁለት አወጣሁ ማለት ነው። ቤታችን ፎጣ ሞልቷል፤ ያኛው እስከ ዛሬ ከእሽጉ አልወጣም።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ አልጽፈውም ነበር። አሠራሩ ግን ታስቦበት የተዘረጋ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ዓ.ም. ከ99 ዶላር በላይ ለሚገዛ ሰው ነፃ ማድረሻ ጀመረ። ዓመቱ ሳያልቅ መጠኑን ወደ 49፣ ቀጥሎም ወደ 25 ዶላር አወረደው፤ በ2013 ደግሞ ወደ 35 ከፍ አደረገው። በ2005 በዓመት 79 ዶላር ለከፈለ አባል በነፃ የሚያደርሰውን ፕራይምን አመጣ፤ በ2022 ክፍያው በአሜሪካ 139 ዶላር ደረሰ። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዳይባክንበት ደጋግሞ እዚያው ይገዛል። ሳሙናውን ሰኞ፣ ባትሪውን ረቡዕ፣ የስልክ ሽፋኑን ዓርብ ያዝዛል። እኔም በአንድ ሳምንት አንድ በር ላይ ሦስት ጊዜ እቆም ነበር።

«ነፃ» የሚለው ቃል ጉልበቱ የሚታየው ከጥቂት ሳንቲም ጋር ሲነጻጸር ነው። የባሕርይ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ዳን ኤሪየሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ አማዞን ነፃ ማድረሻ ሲጀምር ሽያጩ በየአገሩ ሲያድግ በፈረንሳይ ግን አላደገም። ምክንያቱ ሲጣራ እዚያ የማድረሻው ዋጋ ዜሮ ሳይሆን አንድ ፍራንክ ሆኖ ተገኘ፤ ሃያ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ፍራንኩ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሽያጩ ተነሣ። ሃያ ሳንቲም ማንንም አያደኸይም፤ ሆኖም ትንሽም ብትሆን ዋጋ ስትኖር ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ዜሮ ስትሆን ማሰቡን ያቆማል።

ፈረንሳይ ኋላ ላይ ጉዳዩን በሕግ ይዛዋለች። ትንንሽ መጻሕፍት መደብሮቿን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2014 መጽሐፍን በነፃ ማድረስን ከለከለች። አማዞን በአንድ ሳንቲም ማድረስ ጀመረና ሕጉ ባዶ ቀረ። ከጥቅምት 2023 ወዲህ ግን ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ግዢ የማድረሻው ዋጋ ቢያንስ 3 ዩሮ እንዲሆን ተደርጓል። ሁሉም አገር ይህንኑ ይገልብጥ አልልም። ማድረስ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን በሕግ ያወጀ አገር መኖሩን ግን አንባቢ ይወቅልኝ።

ዋጋው የትም አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከ35 ዶላር በላይ ለሚገዛ ሰው በነፃ የሚያደርሱ ሻጮችን በፍለጋ ውጤት ላይ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። የማድረሻውን ወጪ በዕቃው ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱም መከራቸው። ክብደት የሌለው ጌጥ የሚሸጥ ሰው ይህን ይችለዋል። ሸክላ ሠሪዋ ግን ወይ ዋጋ ጨምራ ገዢ ታጣለች፣ ወይ ከላቧ ትከፍላለች።

አሁን ወደ አድራሹ ልምጣ። የአንድ ፈረቃዬ ጭነት አርባ ያህል ካርቶን ነበር፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። መኪናው የእኔ፣ ቤንዚኑ የእኔ፣ ጎማው የእኔ። ሃያ አራት ጠርሙስ ውኃ ተሸክሜ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። በሩ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አንሥቼ እወርዳለሁ። «ዳገት አለው?» ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ያዘዘው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሒሳቡ ላይ የማድረሻው መስመር ዜሮ ይላል፤ ዜሮ ባለበት ሰው መኖሩን እንዴት ያስበው?

የሚከራከሩኝ ወዳጆች አሉ። መኪና የሌላቸው አረጋዊት፣ አራስ ቤት ያለች እናት፣ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ዕቃቸው ደጃፋቸው ሲደርስላቸው ትልቅ እፎይታ ነው ይላሉ። እውነት ነው። በራቸውን ከፍተው የመረቁኝን እናቶች አልረሳም። ነገር ግን 35 ዶላር መሙላት የሚከብደው ለማን ነው? የሚያስፈልጋቸው አንድ የ10 ዶላር ዕቃ ብቻ ለሆነው ለእነዚሁ ሰዎች ነው። ቅርጫቱን በቀላሉ የሚሞላው ያለው ሰው ሲሆን፣ በነፃ የሚደርስለትም እሱ ነው።

ስለዚህ ሻጮችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የዕቃውን ዋጋና የማድረሻውን ዋጋ ለየብቻ አሳዩን። መታገሥ ለሚችል ሰው ዘግይቶ በርካሽ የሚደርስበትን መንገድ ስጡት። እኛ ገዢዎች ደግሞ «ይጨምሩ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ የጎደለውን ገንዘብ ሳይሆን የጎደለውን ዕቃ እንጠይቅ። ቤት ውስጥ የጎደለ ከሌለ ማድረሻውን ከፍሎ መውጣት ይረክሳል። እኔና ባለቤቴ አሁን የሚያስፈልገንን ማቀዝቀዣው በር ላይ በለጠፍነው ወረቀት እንጽፋለን፣ በወር ሁለቴ እናዝዛለን። አንዳንዴ ከፎቃችን ጎረቤት ጋር በአንድ ላይ እናስመጣለን።

እህል በረንዳ ያለው ነጋዴ ምርቃቱን የሚጨምረው ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነበር። እናቴን ሌላ እንድትገዛ አያስገድዳትም፤ ደግ ስለሆነና እንድትመለስለት ስለፈለገ ብቻ ይሰጣታል። «11 ዶላር ይጨምሩ» የሚለው ግን ውሉ ሳይዘጋ የሚመጣ፣ ተጨማሪ ካልገዛን የማናገኘው ነገር ነው። ምርቃት ብለን አንቀበለው። ተሸካሚውም ዋጋውን በገዛ አፉ ይናገር ነበር፤ እናቴም ትከራከረው እንደሆነ እንጂ ሸክሙ ዋጋ የለውም ብላ አታውቅም። ደጃፋችን ላይ ካርቶን ሲቀመጥ ብንሰማ በሩን ከፍተን ውኃ እንስጥ።