ድንኳኑ ሲነቀል

ድምፃዊ እዮብ መኮንን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ፣ የቡሄ ዋዜማ ነበር። ዕድሜው 37፣ የልጆች አባት። ከቀናት በፊት ደኅና የነበረ ሰው በድንገት ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ራሱን እንደሳተ ለሕክምና ናይሮቢ ድረስ ተወሰደ፤ እዚያው አረፈ።

ቡሄን ያነሣሁት ለማስለቀስ አይደለም። የእኛ ሰፈር፣ መርካቶ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ አባቶቹን የሚቆጥረው በቡሄ ስለሆነ ነው። ችቦ የሚያስር፣ ጅራፍ የሚገምድ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ የመጡ ልጆችን «እስቲ ድገሙት» ብሎ ካስጨፈረ በኋላ ኪሱን የሚዳብስ አባት ያለበት ቤት፣ ከሌለበት ቤት በዚያ ምሽት ይለያል። ማንም ሳይናገር ይለያል።

እዮብን ሰው የሚያውቀው በድምፁ ነው። ጅግጅጋ ተወልዶ አዲስ አበባ ክለቦች ውስጥ የቦብ ማርሊን ዘፈኖች እየተጫወተ አደገ። «እንደ ቃል» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ በፈረንጆቹ 2007 ሲወጣ፣ ከጀርባው አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነበረ። ሬጌን በአማርኛ የሞከረ ከእሱ በፊትም ነበር። እዮብ ግን ምቱን ከጃማይካ ተውሶ ሐዘኑን ከራሱ ቤት አመጣ። አይጮህም። ሲወቅስም ራሱን ይጨምራል። በሕይወት ሳለ ያሳተመው አልበም ያ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው፣ «እሮጣለሁ»፣ የወጣው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያው አልበም ውስጥ «ነገን ላየው» የሚል ዘፈን አለ። ከነሐሴ 2005 በኋላ ያን ዘፈን እንደ ድሮው መስማት የቻለ ሰው አላጋጠመኝም።

አውቶቡስ ተራ ደግሞ የራሱ የሙዚቃ ሃያሲዎች አሉት፤ የሀገር አቋራጭ ሹፌሮች። ጋዜጣ ላይ ከምንጽፈው ከእኛ ይልቅ የእነሱን ፍርድ አምናለሁ፤ አንድን ካሴት አሥር ሰዓት ሙሉ፣ ከስልሳ ተሳፋሪ ጋር፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፈትነውታልና። በምሥራቁ መስመር ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሹፌር፣ ስለ እዮብ ጠይቄው እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ እሱን እንቅልፍ ሲመጣብኝ አልከፍተውም፤ ያረጋጋል። ተሳፋሪ በወንበር ሲጣላብኝ ነው የምከፍተው።» ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሐረር በኋላ ባቢሌን አልፎ በማርዳ ተራራ በኩል ይገባል። «የልጁ አገር ስደርስ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ» አለኝ ሹፌሩ። ከዚህ የተሻለ የመታሰቢያ ንግግር አልሰማሁም።

እዮብ ብቻውን አይደለም፤ ሌሎች ድምፃውያንም እንዲሁ ሄደዋል። ታምራት ደስታ በ2010 ሚያዝያ ድንገት አለፈ። ማዲንጎ አፈወርቅ ገና በ44 ዓመቱ፣ መስከረም 17 ቀን 2015፣ በመስቀል ዕለት ሄደ። እንዲህ ያለ ሞት በተሰማ ቁጥር መርካቶ ያለው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። «የሰው እጅ አለበት»፣ «አብልተውት ነው»፣ «ምች ነው፣ ጠበል ቢወስዱት ይድን ነበር»። ለሟቹ ገዳይ ስንፈልግ ሦስቱ ቀን ያልቃል።

ስለ እዮብ ሕመም የምለው የለኝም፤ ያከሙት ያውቁታል። በጥቅሉ ግን ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄድ ደም በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ደም ሥሩ ሲፈነዳ የሚመጣ ነው፤ ከዋና ዋና መንሥኤዎቹ አንዱ ደግሞ የደም ግፊት ነው። በፈረንጆቹ 2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ ተለክተው አያውቁም። ግፊት አያሳክክ፣ አያስል፣ ከሥራ አያስቀር። መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ኩንታል የሚቀበል ጫኝና አውራጅ «እስቲ ተለካ» ብትሉት ይስቅባችኋል፤ ጤነኛነቱን ያረጋገጠው ኩንታሉን አንሥቶ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደሆነም ቢያውቅ ጥሩ ነበር። አፉ የተጣመመ ወይም አንድ እጁ የከዳው ሰው «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ ጥላ ሥር የሚተኛበት ጊዜ ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው።

እኔን ግን የሚያብሰለስለኝ ከሞቱ በኋላ ቤተሰቡ የሚገጥመው ነው። ድምፃዊ ስንል ባለጸጋ ይመስለናል። አብዛኛው ድምፃዊ ግን የሚበላው እንደ አውቶቡስ ተራ ረዳት ነው፤ በሠራበት ቀን። ዛሬ ከዘፈነ ዛሬ ይከፈለዋል፤ ጉሮሮው ከታመመ የለም። ረዳቱም መኪናው ካልወጣ የለም። ተሸካሚው፣ ተራ አስከባሪው፣ ትኬት አስቆራጩ፣ ቆሎ ሻጩ ሁሉ እንደዚያው ነው። መንግሥት ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ያወጣው በ2003 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ቢሞት ሚስቱ የአበሉን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። መልካም ሕግ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪ ለሌለው አባት ግን፣ ማለትም ከመናኸሪያው አጥር ውስጥና ውጭ ለሚሯሯጠው ለአብዛኛው ሰው፣ ሕጉ ሳይቆም የሚያልፈው አውቶቡስ ነው።

ያለን እድር ነው። እድርን አላማም፤ አባቴን የቀበረልኝ እድር ነው። ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ጎረቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል ያድራል። መርካቶን መርካቶ ያደረጋት ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ዘመድ የሆነው በእድርና በእቁብ ነው። ሞትን እንደዚህ በሥርዓት የሚቀበል ድርጅት መንግሥትም የለው።

ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይነቀላል። አርባው ይወጣል። ከዚያ መስከረም ይመጣና ትምህርት ቤት ይከፈታል። የስድስት ዓመት ልጅ ጥላ የሞተ አባት ገና የአሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ወጪ ትቶ ነው የሄደው። እድራችን ለቀብሩ ቀን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ለአሥራ ሁለቱ ዓመት ግን አንድ አንቀጽ የለውም። በሕይወት ያለው አባት በሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ የሚሸከመው ለዚያ ነበር፤ ለቀብሩ አልነበረም።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ተሞክሯል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ከአንድ ቤት አባትና እናትን ተከታትሎ ሲወስድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደንባቸውን ያሻሻሉ እድሮች ነበሩ። ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ገዙ፣ የታመመ አባላቸውን በሕይወት እያለ መጠየቅና መርዳት ጀመሩ። የመጣባቸው ሞት ልማዳቸውን አስለወጣቸው። ወረርሽኙ ሲበርድ ብዙው እድር ወደ ቀብሩ ተመለሰ፤ ድስቱና ምጣዱ በዛ።

ይህንኑ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አነሣሁ። አባል የሆነ አባት ወይም እናት ሲሞት፣ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጠው፤ ለዚህም ከወርኃዊው መዋጮ ይቀመጥ፤ በዚህ ዓመት ልንገዛ የነበረው ሁለተኛ ድንኳን ይቅር አልኩ። የድንኳኑ ነገር ቅር አሰኘ። ሰብሳቢው ጋሼ፣ የማከብራቸው ሰው፣ «ሐሳቡ ደግ ነው ልጄ፤ ግን መዋጮው ይንራል፣ ሰው ይወጣብናል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይንራል። የሚወጣም ይኖራል። «በዚያ ላይ ልጁን ማሳደግ የዘመድ ነው» ያሉም ነበሩ። ዘመድ ያለው ሰውማ መጀመሪያውኑ ለምን እድር ይገባል?

ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት፣ የደሴ መስመር ረዳት፣ እጁን አወጣ። ሴት ልጅ አለችው፤ ገና አንደኛ ክፍል ናት።

«አሁን እኔ ብሞት ስንት ይሰጣል?»

ጸሐፊው ደንቡን ገልጠው ለቀብር የተመደበውን አነበቡለት።

«እሱማ ለእኔ ነው። ለእሷ ነው የጠየቅኩት።»

ጸሐፊው ወደ ሰብሳቢው አዩ። አጀንዳው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።