የኤርባጉን መብራት ማን ነው ያጠፋው?

ጥር 2016 ዓ.ም ላይ ሁለት ዜናዎች በአንድ ሰሞን ወጡ። እዚህ ሀገር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ተናገሩ። አሜሪካ ደግሞ ቶዮታ 50 ሺህ ገደማ የቆዩ ኮሮላ፣ ማትሪክስና ራቭ ፎር መኪኖች ኤርባጋቸው ሳይስተካከል እንዳይነዱ አስጠነቀቀ። ምክንያቱ የታካታ ኤርባግ ነው። ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ኖሮ ሲፈነዳ ስለታም ብረት ሊረጭ ይችላል።

ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው። አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው ነው ተጠግኖ ተጠግኖ የሚሄደው። የተጋጨውም ጭምር።

እዚህ ጋ ነው ትንሿ ሳጥን የምትመጣው። የኤርባግ ሞጁል ይባላል። ብዙ ጊዜ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል፣ ከማርሹ አካባቢ ተደብቆ ይታሰራል። ግጭቱን ለክቶ ኤርባጉን የሚያዘው እሱ ነው፤ ዓይናችን ተርግቦ ሳይጨርስ። ኤርባግ አንዴ ከፈነዳ ሞጁሉ አደጋውን መዝግቦ ይቆለፋል። ስለዚህ መቀየር አለበት።

አቀያየሩ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፤ ቶዮታ ላይ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል። የሚገባው ሞጁል ቁጥሩ ከመኪናው ጋር አንድ መሆን አለበት። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት ካልዞረ ግጭቱን አሳስቶ ያነባል። በመጨረሻ በኮምፒውተር ይፈተሻል።

ይሄ ሁሉ ወጪ ነው። ርካሹ መንገድ ደግሞ አለ፦ መብራቱን ብቻ ማጥፋት። አምፖሉን መንቀል፣ ወይም በኤርባጉ ቦታ ትንሽ ሬዚስተር ሰክቶ ሞጁሉን ማታለል። ገዢው ዳሽቦርዱን አይቶ «ንጹህ ነው» ይላል። ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ካንጋተን ላለን ሰዎች ይሄ የአዲስ አበባ ወሬ ሊመስለን ይችላል። እውነት ነው፣ ብዙ የድሮ ላንድክሩዘር ከፋብሪካው ሲወጣም ኤርባግ የለውም። ግን ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የተገጠመለት መኪና ነገ ጂንካ ሊሸጥ፣ ከዚያም ኦሞን ተሻግሮ ሊመጣ ይችላል። የእኛ ኮረኮንች ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምራል፤ ከወንበር ስር ያለ ሶኬት ሲላላም መብራቱ ይበራል። ስለዚህ መብራት በራ ብላችሁ ወዲያው ሞጁል አትግዙ። መጀመሪያ በመመርመሪያ ማሽን ይነበብ።

መኪና ስትገዙ ወይም ኮንትራት ስትይዙ አንድ ነገር ተመልከቱ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ቀዩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የነካካው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይሄ ይብሳል።

ለዓመታዊ ምርመራ፣ ለቦሎ ማለት ነው፣ መኪና ሲቀርብ ይህችን መብራት ማየት 10 ሰከንድ አይፈጅም። እገዳው አሮጌ መኪና እንድንይዝ ካደረገን፣ የአሮጌውን ደህንነት መቆጣጠርም የመንግሥት ሥራ ነው።

እስከዚያው ቀበቶ እሰሩ። ኤርባግ የቀበቶ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።