ሄይደን ስለሚባለው ማንጎ

ከገበያ የመጣ ማንጎ ጣዕሙ ባማረ ጊዜ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በግቢ መትከል በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ተካዩ ያንኑ ፍሬ አገኛለሁ ብሎ ስድስት ሰባት ዓመት ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚያገኘው ሌላ ይሆናል። ምክንያቱን የሄይደን ማንጎ ታሪክ ስለሚያስረዳ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የሄይደን እናት ሙልጎባ የተባለች የህንድ ማንጎ ናት። በ1889 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጥቂት የሙልጎባ ችግኞች ከህንድ አስመጥቶ በፍሎሪዳ አስተከለ። በ1895 ዓ.ም. ብርቱ ውርጭ ወርዶ ካለፈ በኋላ የተረፈው የፕሮፌሰር ኤልብሪጅ ጌል ዛፍ ብቻ ነበር።

ካፒቴን ጆን ሄይደን የተባሉ ጡረታ የወጡ መኰንን በ1902 ዓ.ም. በማያሚ አጠገብ፥ ኮኮናት ግሮቭ በተባለው ሥፍራ፥ የሙልጎባን ዘር ተከሉ፤ በማግሥቱ ዓመትም ዐረፉ። ችግኞቹን ኰትኵተው ያሳደጉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍሎሬንስ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. ከዛፎቹ አንዱ እናቱን የማይመስል እጅግ ያማረ ፍሬ አፈራ። ስሙ የባልዮው ሆኖ ቀረ እንጂ፥ በእኛ አስተያየት ምስጋናው ለወይዘሮዪቱ ይበልጣል።

ልጁ እናቱን ያልመሰለው የአበባው ብናኝ ከሌላ ዛፍ ስለ ደረሰ ነው። በቅርብ ዘመን የተደረገው የዘር ምርመራ፥ አባቱ ተርፐንታይን የሚባለው፥ ትንሽና ቃጫው የበዛ የፍሎሪዳ ማንጎ መሆኑን አረጋግጧል። ከእንዲህ ያለ አባት እንዲህ ያለ ልጅ ይወለዳል ብሎ ማን ይገምታል?

የሄይደን ፍሬ ከ400 እስከ 680 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ጕንጩ ቀይ ነው፤ ሥጋው ጣፋጭ፥ ቃጫው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት አትረፍርፎ ሲሰጥ በሌላው ይሰስታል፤ እርጥበት በበዛበት አገርም ቆዳውን የሚያጠቍረው የሻጋታ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል። ከእርሱ ዘር የተገኘው ቶሚ አትኪንስ፥ በአገራችንም በላይኛው አዋሽ የተተከለው፥ በሽታንና የመንገድን ርዝመት ስለሚችል በውጭ ገበያ በልጦታል፤ በጣዕም ግን አልደረሰበትም።

እንግዲህ ሄይደን መልኩንና ጣዕሙን ይዞ የሚኖረው በዘሩ አይደለም፤ ከዛፉ የተቈረጠ ቅርንጫፍ በሌላ የማንጎ ችግኝ ላይ እየተቀጠለ ነው። ይህም መከተብ ይባላል። እንደ ፊሊፒንስ ማንጎ ከአንድ ዘር ብዙ ቡቃያ የሚያወጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ እናታቸውን ይመስላሉ። ችግኝ የሚገዛ ሰው ከሥሩ ከፍ ብሎ የተቀጠለበትን ጠባሳ ይመልከት፤ የተከተበው ከሦስት እስከ አምስት ባለው ዓመት ያፈራል።