በሽበት ዘመን ዘፈን መውደድ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ሠራተኛ ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ ረዥም መንገድ እንደሚጓዝ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ የብዙ ሰው የጧት ጉዞ ዛሬም ወደ አዲስ አበባ ነው። በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ነገር እየተለመደ መጥቷል። ኮት የለበሱ፣ ሽበት ጣል ያደረገባቸው ጎልማሳ ሰው ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። የሚሰሙት ዜና አይደለም፤ የልጃቸው እኩዮች የሚጨፍሩበትን አዲስ ዘፈን ነው እንጂ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶችም ይጠቃቀሱና «ኧረ ጋሼ! በስተርጅና!» ብለው ይስቃሉ።

ለመሆኑ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? አንደኛው ምክንያት የቆየ ነው። አባቶቻችን ያለ አዝማሪ ሠርግ አይደግሱም ነበር፤ አዝማሪውን ግን ዝቅ አድርገው ያዩት ነበር። ስለዚህ ዘፈን ለጎረምሳ ቢፈቀድ እንኳ ለባለ ቤትና ለባለ ማዕረግ አይገባም ተባለ። ሁለተኛው ምክንያት የሰው ጆሮ በወጣትነቱ ይዘጋል ማለታችን ነው። እርግጥ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሰው ከዐሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ የሰማው ዘፈን ከሌላው ይልቅ ጠልቆ ይቀራል። ይህ ግን የትዝታን ጥንካሬ ያስረዳል እንጂ አዲስ ፍቅርን አይከለክልም።

ደግሞስ ያ ወጣትነት ለሁሉ እኩል ተሰጥቷልን? ዐምሓ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ሸክላዎች አውጥቷል። ከዚያ በኋላ እርሱም አገር ለቆ ሄደ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ለዓመታት ሌሊቱን ዘጋው። ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመት የሆናቸው ሰው ወጣት የነበሩት በዚያ ጊዜ ነው። የቀበሌ ኪነት ያያሉ፤ ቴፕ ያለው ጎረቤት ከተገኘ ካሴት ይሰማሉ። ከዚያም ሥራ፣ ትዳር፣ ታናናሾችን ማስተማር ተከተለ። እንግዲህ እኒህ ሰው ያን ጊዜ ያላገኙትን ዛሬ በስልካቸው ቢያገኙት፣ ዕዳቸውን ከዘመን ተቀበሉ እንጂ ምን አጠፉ?

ለዚህ ነገር ኃይሉ መርጊያ ጥሩ ምስክር ነው። በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ኋላም መድረኩን ትቶ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ጀመር። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደ ገና ሲታተም አዲስ አድማጭ አገኘ፤ እርሱም ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። ተጫዋቹ በዚያ ዕድሜ ከጀመረ፣ አድማጩ በሃምሳ ዓመቱ ቢጀምር ምን ይደንቃል?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ከጎጃም መጥተው በሱሉልታ ብዙ ዓመት የኖሩ አንድ አስተማሪ አውቃለሁ። ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍላቸውም ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው የዓሊ ቢራ ዘፈን ልባቸውን ነካው፤ ቃሉን ለመረዳት ሲሉም ተማሪዎቻቸውን ይጠይቁ ጀመር። ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው አዘኑ፤ የሚባለውንም ይሰሙ ነበር። ሰበታን አልፎ ባለው በወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠም በሁለቱም ቋንቋ ዘፍኗል። እንግዲህ በሰላም ጊዜም ሆነ በችግር ጊዜ ተጠራጥረው ለሚኖሩ ጎረቤቶች፣ በጎልማሳነት የተከፈተ ጆሮ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሆነ ሆኖ ለሁሉም ልክ አለው። ዘፈንን መውደድ ሌላ፣ ጎረምሳ መምሰል ሌላ ነው። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመግቢያ ትኬት የሚያውል አባት፣ ወይም የሃያ ዓመት ልጅ ልብስ ለብሶ ከልጆቹ ጓደኞች ጋር የሚጋፋ ሰው ሙዚቃን ሳይሆን ያለፈ ዕድሜውን ነው የሚያሳድደው። ዘፈን ዕድሜን አይመልስም፤ ያለውን ዕድሜ ግን ያለመልማል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አባትህ የአዲሱን ዘፋኝ ስም ቢያሳስቱ አትሳቅባቸው፤ በቀስታ አርማቸው። እርሳቸውም በተራቸው በልጅነታቸው የናፈቁትን ዘፈን ያሰሙህ ይሆናል። ለራስህም አስብበት፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላህ ያኔ ያልተወለደ ልጅ የሚዘፍነውን ለመስማት ጆሮህ ክፍት ይሆን ዘንድ ከአሁኑ አልምደው።