የማይበረው የሌሊት በቀቀን

በዛሬው ክፍላችን ካካፖ ስለሚባለው ስለ ኒው ዚላንድ በቀቀን ጥቂት እንናገራለን። ላባው ብጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ፥ ፊቱ እንደ ጉጉት ክብ ነው። ወንዱ እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፉም አጭር ስለ ሆነ ከቶ አይበርም። ቀን ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ በእግሩ እየሄደ፥ ዛፍም በመንቈሩና በጥፍሩ እየወጣ ቅጠልና ፍሬ ይበላል።

ሪሙ የተባለው ዛፍ አብዝቶ በሚያፈራበት ዓመት ወንዱ መሬት ጭሮ ይቀመጥና እንደ ከበሮ በሚያስተጋባ ድምፅ ሴቲቱን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ልጆቹ ምንም አይገደውም፤ እኛ በችሎት የቀለብ ክርክር ብዙ ስለ ሰማን ይህ እምብዛም አላስደነቀንም። እናቲቱ ብቻዋን ትታቀፋለች፥ ብቻዋንም ታሳድጋለች፤ ሌሊት ምግብ ፍለጋ ስትወጣም ጎጆው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ካካፖ ጠላት ሲመጣበት ሳይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ልማድ ከሰማይ ሆኖ በዓይኑ ከሚፈልገው አሞራ ያድነው ነበር፤ ሰዎች ያመጧቸው ድመትና ሙጭልጭላ መሰል አውሬ ግን ጠረኑን ተከትለው ስለሚያድኑት ጥፋት ሆነበት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የታወቁት 51 ብቻ ነበሩ። እነዚያ አውሬዎች ወደሌሉባቸው ደሴቶች ተወስደው፥ እናቲቱ ስትወጣ ጎጆዋን ሰዎች እየጠበቁላት፥ በ2022 ዓ.ም. 252 ደረሱ።