መዋቅር አይፈርምም!

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁንም ዋልትዝን እየጠቀሳችሁ «መዋቅሩ አስገድዶ ነው» ትሉኛላችሁ። እስቲ ከቦንጋ እንየው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃው ምኒልክ እጅ ሲከማች፣ ጅማም ካፋም ያው ጫና መጣባቸው። አባ ጅፋር ገበሩ፤ ጅማ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ራሷን አስተዳደረች። ጋኪ ሸሮቾ አልገብርም አሉ፤ በ1897 እ.ኤ.አ. ተማረኩ፣ መንግሥታቸውም አበቃ። ጫናው አንድ፣ ውሳኔው ሁለት!

ማን ልክ ነበር የሚለውን ተዉት። ዋልትዝ ራሱ መዋቅር ይገፋል እንጂ ይወስናል አላለም። መዋቅሩንስ ማን ለወጠው? ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ጠመንጃ የገዛው ሰው አይደል?

እና ዛሬ አንድ ባለሥልጣን «የዓለም ሥርዓት ተለውጦብን ነው» ሲላችሁ ዝም አትበሉ። «ማን ፈረመ?» በሉት።