ወረዳው ያላየው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ አዲስ አበባን ሲነቀንቅ ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱም ከምሽቱ ሁለት አልፎ ነበር። ታኅሣሥ 26 ሲደገም ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። በመጠኑ 6.0 የተመዘገበው የየካቲት 7ቱ ደግሞ የመጣው ዓርብ እኩለ ሌሊት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። በሦስቱም ጊዜ ግን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንድም ተማሪ አልነበረም።

ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚነሳው መንቀጥቀጥ የትምህርት ካሌንደር አያይም። ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ አራት ፎቅ ያለው ትምህርት ቤት ሙሉ ተማሪ ይዞ ሳለ ቢመጣስ?

«ዕቅድ አለን» ይላሉ ርዕሳነ መምህራን። ውሸት አይደለም፤ ብዙዎቹ አላቸው። ፋይል ውስጥ ነው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይወጣል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ተመልሶ ይገባል። ችግሩ ዕቅዱን ከርዕሰ መምህሩና ከጸሐፊዋ ሌላ ያነበበው ሰው መታጣቱ ነው። የወረዳው ሰላምና ጸጥታ አላየውም። በቅርብ ያለው የእሳት አደጋ ቅርንጫፍ አላየውም። ጤና ጣቢያው ስለመኖሩም አልሰማም።

ትምህርት ቤት ለብቻው የጻፈው ዕቅድ ምን ይላል? «ተማሪዎች በአቅራቢያ ወዳለ ክፍት ቦታ ይወጣሉ።» የትኛው ክፍት ቦታ? ዕቅዱ ሲጻፍ ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ግንባታ ላይ ነው። መታጠሩን አስቀድሞ የሚያውቀው ወረዳው እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም። «የእሳት አደጋ መኪና ይጠራል» ይላል ደግሞ። ጥሩ፤ 939ን ሁሉም ያውቃል። ግን መኪናው በዚያ ጠባብ መንገድ፣ በግራ በቀኝ በቆሙ ሚኒባሶች መሃል ያልፋል ወይ? ይህን ለክቶ የሚያውቅ አለ? በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈቱ የግል ትምህርት ቤቶች ጉዳይማ የባሰ ነው። አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ቁልፍ። ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ወጣ ካለ ስድስት መቶ ልጅ ታሽጎበታል ማለት ነው።

ወላጅስ? መሬት በተንቀጠቀጠ በሩብ ሰዓት ውስጥ የከተማው ወላጅ በሙሉ ወደየትምህርት ቤቱ ይነጉዳል። ስልክ ይጨናነቃል፣ መንገድ ይዘጋል፣ አምቡላንሱም እዚያው መሃል ይቆማል። ትራፊክ ፖሊስን የትኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ማቆም እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ያልተነጋገረ ርዕሰ መምህር፣ በዚያች ሰዓት በፉጨት የሚያመጣው ነገር የለም።

ይህ ማጋነን የሚመስለው ሰው ጃፓን ውስጥ ኢሺኖማኪ በምትባል ከተማ የሚገኘውን የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ይመልከት። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሕንፃው አልፈረሰም። ልጆቹ በሥርዓት ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ከዚያ ቆሙ። ሱናሚው እስኪደርስ 50 ደቂቃ ያህል ነበራቸው። ከጀርባቸው ኮረብታ ነበር፤ ተማሪዎች ለትምህርት ይወጡበት የነበረ ኮረብታ። መምህራኑ ግን ወዴት እንደሚሄዱ ይከራከሩ ነበር። የከተማው መኪና በድምፅ ማጉያ እያስጠነቀቀ ሲያልፍ እንኳ ገና አልወሰኑም። በመጨረሻ የተንቀሳቀሱት ወደ ኮረብታው ሳይሆን ወደ ወንዙ ድልድይ አቅጣጫ ነበር። 74 ተማሪዎችና 10 መምህራን አለቁ።

የትምህርት ቤቱ መመሪያ ምን ይል ነበር? ሱናሚ ከመጣ በአቅራቢያ ወዳለ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ ሂዱ። የቱ ባዶ ቦታ እንደሆነ አይልም። ከላይ ከተጠቀሰው ከአዲስ አበባው «ክፍት ቦታ» ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የከተማው አስተዳደር ያወጣው የአደጋ ካርታ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ውሃ ከማይደርስበት ወገን አስቀምጦት ነበር፤ እንዲያውም መሸሸጊያ ተብሎ ተመድቧል። ትምህርት ቤቱ ከተማውን አመነ፤ ከተማው የትምህርት ቤቱን ወረቀት ተቀብሎ አስቀመጠ።

የ23 ልጆች ወላጆች ከሰሱ። በ2018 እ.ኤ.አ. የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥፋቱን በዚያች ቀን ግቢው ውስጥ በነበሩት መምህራን ላይ ብቻ አልጣለም። ትምህርት ቤቱ መመሪያውን አስቀድሞ ማስተካከል፣ የከተማው ትምህርት ቦርድም መርምሮ «ይህ አይሠራም፣ አስተካክሉ» ማለት ነበረባቸው አለ። ከ1.4 ቢሊዮን የን በላይ ካሳ ተፈረደ። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከተማውንና የክፍለ ግዛቱን ይግባኝ ውድቅ አደረገ።

«ጃፓን ሀብታም አገር ናት፣ በጀት የለንም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። ኦካዋ ላይ የጎደለው ገንዘብ ነበር? ሕንፃው ጠንካራ ነበር፣ ኮረብታው በነፃ የቆመ ነበር። የጎደለው አንድ ስብሰባና አንድ የጠራ ዓረፍተ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየወረዳው ስብሰባ ያንሳል የሚል ደግሞ ካለ እጁን ያውጣ።

የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ባለሙያዎች ትምህርት ቤት ሄደው ስልጠና እንደሚሰጡ መካድ አይገባም፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛ ሥር መግባትን የተማረ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ስልጠናው ሊነግረው አይችልም። ያንን መወሰን ያለባቸው ርዕሰ መምህሩና ወረዳው አብረው ቁጭ ብለው ነው። ርዕሰ መምህሩ መንገድ አይዘጋም፣ ሜዳ አይከልልም፣ የጎረቤቱን አጥር አያስከፍትም። ሥልጣኑ የለውም። ሥልጣን የሌለውን ሰው በዕቅድ ጉድለት መጠየቅ ለወረዳው የሚመች ቀልድ ነው።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ከምዝገባ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የወረዳው ኃላፊ፣ የቅርንጫፍ እሳት አደጋው ሰው፣ ትራፊኩ፣ ከወላጅ ኮሚቴ አንድ እናትና ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተው ሜዳው ድረስ በእግራቸው ይሂዱ። ሜዳው ካለ። ከሌለ ሌላ ይፈልጉ። የትኛው በር እንደሚከፈት፣ ሁለተኛው ቁልፍ ማን እጅ እንደሚሆን፣ ወላጅ ልጁን ከየት እንደሚረከብ ጽፈው አምስቱም ይፈርሙ። ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ሳይሆን ዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።